ማስረጃ ይቅረብ

ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ ቀጭ። ደግሞ ረዘም ያለ ዝምታ፤ ከዚያ ቀጭ።

ቢንዱ ድምፁን የሰማችው ዓይኗን ጨፍና ነው። አክስቷ ኩል እየኳለቻት ነበር። «ከገለጥሽው ጉድሽ ፈላ፤ ፊትሽ ጥላሸት ነው የሚሆነው» ብላታለች። ከመጋረጃው ወዲያ የታላቅ እህቷ የላስያ የቀለበት እንግዶች ይንጫጫሉ። ጥሩምባ ነፊዎቹ ጥሩምባቸውን ይሞክራሉ፤ ልጆች በወንበሮቹ መሐል ይሯሯጣሉ። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የካሜራውን ድምፅ ብቻ ነጥላ ሰማች። ካሜራ ያው ካሜራ ነው፤ ሁሉም ቀጭ ይላል። እንዲህ አንዴ ነክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እስኪመጣለት ጠብቆ የሚያነሳ ሰው ግን በደቡብ ህንዷ በናንዲያል ከተማ ከአንድ በቀር አታውቅም።



«አክስቴ፣ ፎቶ አንሺው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ስቱዲዮው የላከው ነዋ። ዝም በይ፤ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ዓይንሽም ይንቀሳቀሳል።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ቀለበት የሚታሰርላት አንቺ ነሽ ወይስ እህትሽ? ምን ያንቀለቅልሻል?»

ኩሉ ሳይደርቅ ዓይኗን ገለጠች። መጋረጃውን በጣቷ ገፋ አድርጋ አየች። ፔንቻላያ ነው። ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ ተሰጣ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የአበባ ጉንጉን የታሰረበትን ምሰሶ ፎቶ እያነሳ ነበር፤ ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

ለአፍታ ያህል አያት። ከዚያ እሷም እንደ ምሰሶው የአዳራሹ ዕቃ የሆነች ይመስል፣ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይነበብ ዓይኑን ወደ ካሜራው መለሰ።

ቢንዱ መጋረጃውን ለቀቀችው። ሰው ፊት እንዳላወቁ መሆንን ያስተማረችው እሷ ራሷ ናት። ተማሪው መምህሯን በልጦ ሲገኝ ግን እንዲህ አንጀት እንደሚቆርጥ አታውቅም ነበር።

*

ያገናኘቻቸው ሸረሪት ነበረች።

ቢንዱ የባለ ሩዝ ወፍጮው የኮንዳ ሬዲ ትንሿ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ታጠናለች። አንድ ሥራ የፈታች ቀን፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ እውቀት ላይ፣ ስለ ሰማያዊዋ የዛፍ ሸረሪት በቴሉጉ የተጻፈውን ፈልጋ አገኘች። ሁለት መስመር ተኩል ነው። ያቺ ሸረሪት እንደ ብርቅ በባሕር ማዶ ሰዎች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች፤ በተፈጥሮ የምትኖረው ግን ባቡሩ ወደ ጊዳሉር ሲሄድ በሚያቋርጠው፣ እነ ቢንዱ አፍንጫ ሥር ባለው ጫካ ነው። በገዛ አገሯ ቋንቋ ሁለት መስመር ተኩል! ቢንዱ ተናደደች፤ ተናድዳም መጻፍ ጀመረች።

የራሷን ስም አልተጠቀመችም። «ማጂጋ» ብላ ገባች፤ አሬራ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ «ቺማ»፣ ማለትም ጉንዳን የሚባል ሰው መጥቶ፣ እሷ በጻፈችው ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ሰማያዊነቷ የጣዎስ አንገት ፀሐይ ሲመታው እንደሚያበራው ያለ ነው።»

ማጂጋ ሰረዘችው። «ይህ መዝገበ እውቀት እንጂ የሰርግ ዘፈን አይደለም። ምንጭ?» ብላ ጻፈች።

«ምንጩ ዓይኔ ነው።»

«ዓይን ምንጭ አይሆንም። የታተመ ነገር አምጣ።»

«የማጂጋ ዓይን ታትሞ ከሆነ አውሱኝ።»

ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ሆና ሳቀች። በማግስቱ፣ ወንዱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቀለሙ እንደሚደበዝዝ ከአንድ ጥናት ጠቅሳ ጻፈች። ቺማ ከሥሩ፣ «ይህ እንኳ ምንጭ አያስፈልገውም፤ ሙሽሮችን ሁሉ ሳነሳ አይቻለሁ» አለ። የሰርግ ፎቶ አንሺ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አሻዳም የሚሉት ወር ሲገባ ማንም አያገባም፤ ፎቶ አንሺም ሥራ የለውም። ቺማ፣ በእውነተኛ ስሙ ፔንቻላያ፣ ያን ወር የሚያሳልፈው የጫካ ጠባቂ ከሆነው ከአጎቱ ከኦቡሌሱ ጋር ነው። ሸረሪቷን ላሳይሽ ቢላት፣ ቢንዱ ለቤተሰቦቿ «ለጥናት ነው» ብላ አንድ ከሰዓት ጫካው ድረስ ሄደች። ሦስቱም ከአንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ዝም ብለው ተቀመጡ። ሊመሽ ሲል ሸረሪቷ ከዛፉ ሽንቁር ብቅ አለች። መጀመሪያ አንድ እግር፤ ሰማያዊ፣ ጉልበቱ ላይ ቢጫ ያለበት። ቀጭ፣ አለ የፔንቻላያ ካሜራ። ሸረሪት ልታይ የመጣችው ቢንዱ ሸረሪቷን አይታ ስታበቃ፣ የቀረውን ብርሃን የጨረሰችው እሱን በማየት ነው። ኦቡሌሱ ዘወር ብሎ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ከዚያ ወዲያ ፍቅራቸው የተደበቀ ፍቅር ሆነ። እናቱ በሰው ማሳ ሩዝ የምትተክል ልጅና የባለ ወፍጮ ልጅ! ኮንዳ ሬዲ ቢሰሙ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል። ቢንዱ ፈራች። ሰው እንዳይጠረጥር ብላ፣ ሁሉም ሊያነበው በሚችለው የውይይት ገጽ ላይ ከሌሎቹ ጸሐፊዎች ሁሉ ይልቅ በእሱ ላይ ከረረች። እሱ ይገባዋል ብላ ታስብ ነበር።

ጽሑፉ አድጎ፣ ተሞርዶ፣ ምርጥ ለሆኑት ብቻ ለሚሰጠው ኮከብ ታጨ። ገምጋሚ ሆኖ የመጣው የማይታወቅ ሰው አንድ ጥያቄ አነሳ። ቺማ ጽሑፉ ላይ የለጠፈው ይህ ፎቶ በእርግጥ ከጫካ ነው? ከነጋዴ ሣጥን ውስጥ የተነሳ ቢሆንስ?

ቢንዱ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ በዓይኗ አይታለች። ግን «አንቺ በምን አወቅሽ?» ብትባልስ? እጇ ቀደማት፤ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጥርጣሬውን እጋራለሁ። ቺማ የተባለው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ማስረጃ ይቅረብ።»

ያን ምሽት ቺማ አንዲት ቃል ሳይጽፍ ሌላ ፎቶ ለጠፈ። ዛፉ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ ሽንቁሩም፣ ሸረሪቷም። ከጥግ በኩል ደግሞ በኖራ የተቀባው የባቡር ሐዲድ ድንጋይ አለ፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ፍንትው ብሎ ይነበባል። ቢንዱ ቁጥሩን አነበበችው። የሸረሪቷ ጠላት ገበያ መሆኑን፣ ቦታዋን መናገር እሷን መስጠት መሆኑን በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ሆኖም ግምገማው በማግስቱ ያልቃል። «ነገ እሰርዘዋለሁ» አለች ለራሷ፤ ከፎቶው ሥርም ያማረ መግለጫ ጻፈችበት።

ኮከቡ መጣ። ፎቶውን ሰረዘችው። ግን ከዚያ ገጽ ጀርባ የታሪክ ገጽ የሚሉት አለ፤ የተሰረዘው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ የፈለገ ይከፍተዋል። ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡ። ዛፉን ጣሉት፤ ሸረሪቶቹን ከነልጆቻቸው በላስቲክ ዕቃ ለቃቅመው ሄዱ። ኦቡሌሱ ከሥራ ታገደ። ፔንቻላያን የጫካ ቢሮ ጠርቶ ሲጠይቀው «ፎቶው የኔ ነው» አለ፤ ማን አምጣ እንዳለው ግን አልተነፈሰም። ከተማው የራሱን ፍርድ ፈረደ፤ ሸጣት ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቺማ በገጹ ላይ ታይቶ አያውቅም። ቢንዱ በየዕለቱ «ይቅርታ» ብላ ትጽፍለታለች፤ በየዕለቱም ሳትልከው ታጠፋዋለች። ማፈር ሰውን እንዲህ እንደሚያሰንፍ ያወቀችው ያኔ ነው።

*

«ቤተሰብ በሙሉ ወደ መድረክ!»

ቀለበቱ ታስሯል፤ የሰርጉ ቀን ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ የሁለቱ ወገን አባቶች እንደ ባህላቸው የሚታኘክ ቅጠልና ፍሬ ተለዋውጠዋል። አሁን የቤተሰቡ ፎቶ ነው። ፔንቻላያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሰዉን ይደረድራል።

«አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ። እማማ፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ። ከዳር ያለሽው እትዬ፣ ጠጋ በይ።»

ከዳር ያለችው ቢንዱ ናት። ጠጋ አለች።

አጎቷ ጋንጊ ሬዲ ድንገት እጁን አነሳ። የቤተሰቡ ቀልደኛ ነው፤ ከአፉ የሚያመልጠው የለም።

«ቆይ ቆይ ቆይ! አንተ... አንተ ሸረሪት ቸርቻሪው አይደለህም እንዴ?»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ፔንቻላያ ካሜራውን ከዓይኑ አላወረደም።

«ጎበዝ፣ ተጠንቀቁ!» አለ ጋንጊ ሬዲ ለሙሽራው ወገኖች። «ይሄ ልጅ ያነሳው ነገር ባሕር ማዶ ነው የሚገኘው። ላስያዬ፣ አንቺ ከሰርግሽ በፊት ለንደን እንዳትገቢ!»

«ተው አንተ፣ ልጁ ሥራውን ይሥራበት» አሉ ኮንዳ ሬዲ። እየሳቁ ነው ያሉት።

«አልነካሁትም እኮ! በል አንሳን ጌታው። እዚህ ስምንት እግር ያለው ነገር የለም፤ አማቴና ባሏ ተደምረው እንኳ አራት ነው!»

አማቱ በማራገቢያዋ ጀርባውን ወቃችው። የሙሽራው እናት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ መድረኩ ተናወጠ። ቢንዱ ግራና ቀኝ አየች። ሁሉም ይስቃል። እሷ ብቻ ባትስቅ ማን ምን ይላል? ከንፈሯ ከልቧ ሳይማከር ተከፈተ። ሳቀች።

ቀጭ።

ፔንቻላያ ካሜራውን አውርዶ ፎቶው የሚታይባትን ትንሿን መስኮት ተመለከተ። ብዙ ቆየባት። ከዚያ ቀና ብሎ ቢንዱን አያት። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ደስ ባላት! የደከመው ሰው ዓይን ነበር፤ የጠረጠረውን ነገር ማስረጃ ያገኘ ሰው ዓይን። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

*

ከአዳራሹ ጀርባ ትልልቅ ድስት የሚታጠብበት ቦታ ላይ አገኘችው። የካሜራውን ባትሪ እየቀየረ ነበር።

«ፔንቻላያ።»

«ምን ልታዘዝ እትዬ? ለብቻሽ መነሳት ፈልገሽ ነው?»

«እትዬ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ማጂጋ ልበልሽ? ሰው ይሰማብሻል።»

ድስት አጣቢዎቹ ወሬያቸውን ገታ አደረጉ፤ ደግሞ ቀጠሉ። ቢንዱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቢሮ ሲጠሩህ ለምን አልተናገርክም? እሷ ናት አምጣ ያለችኝ ለምን አላልክም?»

«ምን ብዬ?» ባትሪው አልገባ ብሎት ደጋግሞ ገፋው። «አንዲት ልጅ አብራኝ ተቀምጣ፣ አብራኝ አይታ፣ ማን እንደሆነ አናውቅም ብላ ስለጻፈች ነው ልበል? ድንጋዩን አይቼው ነበር ቢንዱ። ከፎቶው ቆርጦ ማውጣት ምን ሥራ ነበረው? እንድታምኚኝ ብዬ ተውኩት። ደሞ እልህም ነው። ይሄ የኔ ኃጢአት ነው፤ አልክድም።»

«እኔም አይቼው ነበር» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረችው።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«የታሪክ ገጹ ላይ ነዋ። ከፎቶው ሥር መግለጫ የጻፍሽበት ሰዓት አለ፤ የሰረዝሽበትም ሰዓት አለ። በመሐላቸው ሌሊት አለ።»

ቢንዱ አንገቷን ደፋች። እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን ሌሊት ሲቆጥርባት ኖሯል፤ ለማንም ግን አሳልፎ አልሰጣትም።

«አጎትህስ... ኦቡሌሱ እንዴት ነው?»

«አሁንም ሲመሽ ወደዚያው ይሄዳል። ማን ሂድ እንደሚለው እንጃ። ጉቶው አጠገብ ቁጭ ይላል፣ ይመለሳል። 'ያቺ ልጅ ደህና ናት ወይ?' ብሎ ይጠይቀኛል።»

እንባዋ ኩሉን ይዞ ወረደ።

«ቅድም የሳቅኩት...»

«እኔ ጠየቅኩሽ?» ባትሪው ገባ። ክዳኑን ዘጋ። «ኩልሽ ፈሷል። ፊትሽን ሳትታጠቢ እንዳትገቢ፣ ሰው ይጠይቅሻል።»

ትቷት ገባ። ይህችን ብቻ ሳይላት በሄደ! እየተቆጣ እንኳ የእሷን ምስጢር ይጠብቃል። ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ይህ አቃጠላት።

*

ፊቷን አልታጠበችም።

እንግዶቹ በረድፍ ተቀምጠው የሙዝ ቅጠል ተዘርግቶላቸው ይበላሉ። ምግቡ ወደ ማብቂያው ደርሶ፣ አሬራው ሩዝ ላይ የሚፈስበት ሰዓት ነው። ፔንቻላያ በረድፉ መሐል እየተዘዋወረ የሚበሉትን ያነሳል። ጋንጊ ሬዲ ጎርሶ ሳይጨርስ ጀመረው።

«ለዚህም ልጅ ቅጠል ዘርጉለት እንጂ! ምግቡ ሸረሪት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በልቶት ነበር፣ ወይ ሸጦት ነበር።»

«አጎቴ» አለች ቢንዱ።

የአሬራውን ማንቆርቆሪያ ከአንዷ አስተናጋጅ እጅ ወስዳ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው አታውቅም። ፊቷ ላይ ኩሉ ሁለት ጥቁር መንገድ አውጥቷል።

«ውይ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቷ።

«እሱ አልሸጠም።»

«ምኑን?» አለ ጋንጊ ሬዲ፣ ገና እየሳቀ።

«ሸረሪቷን። ያንን ፎቶ አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ማጂጋ የምትባለው እኔ ነኝ። ድንጋዩን አየሁት፣ ቁጥሩን አነበብኩት፣ አደገኛ መሆኑን አወቅኩት። ግን ኮከብ ስለፈለግኩ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተውኩት። ዛፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። የጫካ ጠባቂው ከሥራው የታገደው በእኔ ነው።»

ሳቁ ከረድፍ ረድፍ እየከሰመ ሄደ። የሙሽራው እናት እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ላስያ ከመድረኩ ላይ ቀለበቷን በሌላ እጇ ሸፈነችው።

ኮንዳ ሬዲ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

ጥያቄው ይሄ ብቻ ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ በሌላ ዓይነት አዳራሽ፣ ሰው በሞላበት የውይይት ገጽ ላይ ተጠይቃው ነበር።

«አውቀዋለሁ አባዬ» አለች። ማንቆርቆሪያው ዘመም ብሎ አሬራው ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። «ጫካ ድረስ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ማን እንደሆነ አናውቅም ብዬ የጻፍኩት እያወቅኩት ነው። ቅድምም የሳቅኩት እያወቅኩት ነው።»

አባቷ አልጮኹም። ቅጠላቸው ላይ ምግቡ ገና አለ፤ እንዳለ አጠፉት። እሳቸው ቅጠል ካጠፉ ማዕዱ አበቃ ማለት ነው። በረድፉ ያሉት አንድ በአንድ፣ የጠገበም ያልጠገበም፣ ቅጠላቸውን አጠፉ። ጋንጊ ሬዲ «ኧረ ያው ሸረሪት አይደለች...» ብሎ ጀመረና የሚስቅለት አጥቶ ተወው።

ቢንዱ እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ተናግራም ግን እፍረቱ ያው እፍረት ነው፤ ከውስጥ ወደ ፊቷ ወጣ እንጂ አልጠፋም።

ፔንቻላያ ወደ እሷ መጣ። ሁሉም እያየው፣ ቀስ ብሎ፣ በታጠፉት ቅጠሎች መሐል መጣ። አጠገቧ ቆሞ የካሜራውን መስኮት ወደ እሷ አዞረላት።

የቤተሰቡ ፎቶ ነው። ሁሉም ይስቃሉ። ከዳር ቢንዱ አለች፤ ጥርሷ ወጥቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ከሁሉም በላይ አምሮባት ትስቃለች። ማማሯ ነው ይበልጥ ያሳፈራት።

አውራ ጣቱ አንዲት ቁልፍ ላይ ሄደ። መስኮቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ይጥፋ ወይ? ቢንዱ «አታጥፋው፤ ይኑር፤ የኔ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ጣቱ ቀደማት። ፎቶው ሄደ። በቦታው ከእሱ በፊት የተነሳው መጣ፦ ቀለበት የገባበት የላስያ እጅ፣ ጣቶቹ ትንሽ ወፍረው።

ይህችኛዋ መስኮት የታሪክ ገጽ የላትም።

«ፔንቻላያ...» አለች።

የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቱ አወጣ። የስቱዲዮው ካሜራ ነው፤ ሥራውም ገና አላለቀም። ከመድረኩ ጎን፣ አበባና ቅጠል የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው፤ ክዳኑን ገጠመለት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ከጫማው ክምር ውስጥ አጎንብሶ የራሱን ፈለገ፤ አንዱን አገኘ፣ ሌላኛውን ለማግኘት ቆየ። ቢንዱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ጀርባውን ታየዋለች። አሁን ይዞራል አለች። አሁን።

ሁለተኛውን ጫማ አገኘው፤ አላደረገውም። ሁለቱንም በእጁ እንደያዘ፣ ሳይዞር ወጣ።